ኳሱን አትዪ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሰኔ 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? የደሴ ብርድ ዘንድሮስ ማረሽ ወይስ አሁንም ይጠዘጥዝሻል? እማማስ ዓይኗ ትንሽ ተገለጠላት? ጠበሉን ሳታቋርጥ ትጠመቅ፤ የሐኪሙንም ጠብታ አትተዪባት፣ ሁለቱ አይጣሉም። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን በሥጋ ደህና ነን። መኮንን ታክሲውን ይነዳል፤ እኔም ሌክውድ ነርሲንግ ሆም ያሉትን ሽማግሌዎቼን እያገላበጥኩ አለሁ። ደህና ነን ማለት የደብዳቤ ደንብ ስለሆነ ነው እንጂ እታለሜ፣ ደህናስ አይደለንም።

ባለፈው በስልክ ልጅሽን ኤቢን አገናኚኝ ስትዪኝ ሥራ ሄዷል አልኩሽ። ውሸቴን ነው። አጠገቤ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር፤ የለም በያት ብሎ በእጁ ምልክት አሳየኝ። አንቺም የሆነ ነገር ሸተተሽና ምን ሆኖ ነው፣ ለምን ትደብቂኛለሽ ብለሽ ተቆጣሽኝ። በስልክ መናገር አልሆነልኝም፤ አባቱ መኮንን ይሰማል። ዛሬ ከሥራ ኦፍ ነኝ፣ ቤቱም ጭር ብሏል፣ ይኸው ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ብቻሽን አንብቢው። ለእማማ ምን እንደምትያት መጨረሻው ላይ እነግርሻለሁ።

ኤቢ ኳስ ይጫወታል ባልኳችሁ ቁጥር እናንተ እግር ኳስ እየመሰላችሁ ስንት አገባ ትሉኛላችሁ። ኤቢ በሕይወቱ አንድም አግብቶ አያውቅም፤ ኳሷን ነክቷትም አያውቅ። የዚህ አገር ኳስ ሞላላ ናት፣ በእጅ ነው የሚይዟት። አንድ ወርዋሪ አለ፣ ኳርተርባክ ይሉታል። እሱ ኳሷን ይዞ ለማን ልወርውር እያለ ሲያማትር የሌላው ቡድን ግብዳ ግብዳ ልጆች ሊደፉት ይመጣሉ። ከፊቱ ደግሞ አምስት ልጆች ተደርድረው እነዚያን ይመክታሉ። ሥራቸው ይኸው ነው፤ ኳሷ ከእጁ እስክትወጣ ሰው አለማስነካት። ከአምስቱ የግራው ዳር የኔ ልጅ ነበር። ወርዋሪው በቀኝ እጁ የሚወረውር ከሆነ ጀርባውን ለግራ ይሰጣል፤ ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። ስለዚህ ትልቁን አደራ የሚይዘው የግራው ልጅ ነው።

ወርዋሪው ማን መሰለሽ? ኢዛና። የሠርካዲስ ልጅ። ሠርካዲስ ማለት ያቺ በፎቶ ያየሻት ቀጭኗ ጓደኛዬ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ይዛ ፒዮሪያ መንገድ ላይ እዚሁ እኛ ያለንበት አፓርትመንት፣ ከኛ በታች ያለውን ቤት ተከራይታ የምትኖረው። ልጆቹ በአንድ ሳሕን በልተው ነው ያደጉት። ኢዛና ሲወረውር ኤቢ ሲከላከል፣ እኔና ሠርካዲስ ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበን ስታዲየሙ ውስጥ ስንጮህ፣ ምን ልበልሽ፣ የጠገብን ነበርን።

ጨዋታውን ማየት ያስተማረኝ ኤቢ ራሱ ነው። መጀመሪያ እንደ ሌላው ሰው ኳሷን ተከትዬ ስሮጥ፣ የማይጨበጨብበት ቦታ ሳጨበጭብ እያየ ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር። አሰልጣኙ የጨዋታውን ፊልም በዲቪዲ ይሰጣቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ያስቀምጠኝና እማ፣ ኳሱን አትዪ ይለኛል። መጀመሪያ እግር እዪ፤ ኳሷ ስትነሳ የግራው ልጅ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ግን እግሩ ከተጠላለፈ አለቀለት። ቀጥሎ ወገብ፤ ዝቅ ያለ ነው የሚያሸንፈው። ከዚያ እጅ፤ ተቻኩሎ የዘረጋ ይታለላል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ይለኛል፣ ልጁ ማንን ያዝ ተብሎ እንደነበር እወቂ። የሱ ያልሆነውን ሰው አሳለፈ ብሎ ማይነስ መስጠት ግፍ ነው። አሰልጣኙ ለያንዳንዷ ዙር ፕላስ ወይም ማይነስ ይሰጣቸዋል። እኔም ዓይኔ ሲከፈት ፕላስ፣ ማይነስ እያልኩ እፈርድበት ጀመር። አንዳንዴ ሆን ብዬ ማይነስ እለዋለሁ፤ ሲናደድ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አሳዘነኝ። እነዚህ አምስቱ ሥራቸውን በደንብ የሠሩ ቀን ስማቸውን የሚጠራ የለም። ሰው ያሳለፉ ለት ብቻ ነው በድምፅ ማጉያው የሚጠሩት። እንደኔ ሥራ ነው ብዬ አጫወትኩት፤ ሽማግሌው ጀርባው ካልቆሰለ ማን አገላበጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጥቅምት ላይ ነው የተረገመው ቀን። ኳሷ ተነሳች፣ ኢዛና ወደ ኋላ ሸሸ፣ እኔ አፈር በበላሁ ያን ቀን የተማርኩትን ሁሉ ረስቼ ኳሷን አያለሁ። አንድ ልጅ በግራ በኩል፣ በኤቢ አጠገብ፣ ማንም ሳይነካው ሰተት ብሎ መጣና ኢዛናን ከጀርባው መታው። አወዳደቁ በአንገቱ ነበር። አልተነሳም። ሠርካዲስ እጄን ለቃ ስትሮጥ ጫማዋ እዚያው ደረጃው ላይ ቀረ። እታለሜ፣ ልጁ ነፍሱ ተረፈች፤ ከአንገቱ በታች ያለው ግን የሱ አይደለም። እጁንም አያዝዘው። ሐኪሞቹ ያን ቀን የሆነውን አያስታውስም ብለውናል፣ ይሄ እንኳ የእግዜር ቸርነት ነው አልን።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ኳስ ምን እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ ዳኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ኤቢ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ሰውየውን አሳለፈው፤ ጓደኛውን ያስበላው እሱ ነው፤ በልቶ መተኛት እንጂ ምን ያውቃል፤ እንዲህ እየተባለ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። እኔም ያየሁት የኤቢ ጀርባ ወደ ውስጥ ሲዞር ነውና ምን ብዬ ልከራከር? ልጄን ጠየቅኩት፤ ዝም አለኝ። ዝም ያለው አፍሮ መሰለኝ።

መኮንንን ታውቂዋለሽ፣ ይሉኝታ ይገድለዋል። የሰው ልጅ አስሰብረን ደጅ ለደጅ እየተያየን እንዴት እንኖራለን ብሎ ቄሱንና አቶ በዛብህን ይዞ መጣ። አቶ በዛብህ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሽምግልና ሲባል ዓይናቸው ይበራል። ኤቢ እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ሠርካዲስ እግር ላይ ይውደቅ ተባለ። ጉድ እኮ ነው! ኦሮራ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ፓርኪንጉ ዳር አበባ መሐል ለጌጥ ያስቀመጡትን አዩ። አቶ በዛብህ ደግሞ ከገዛ ቤቱ ተሸክሞ መውጣት አለበት፣ አለዚያ እርቅ አይባልም አሉ። ልጄ መጀመሪያ ድንጋዩን ወደ እኛ ፎቅ አወጣው፤ ከዚያ ትከሻው ላይ አድርጎ መልሶ አወረደው። ጎረቤት ሜክሲኮዎቹ በረንዳ ላይ ወጥተው ዕቃ የምናወርድ መስሏቸው እናግዛችሁ አሉን። ያ መለሎ ልጅ ሠርካዲስ በር ላይ ተንበረከከ። ሠርካዲስ ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችለትና ይቅር ለእግዚአብሔር አለችው። ሁላችንም ተላቀስን። አቶ በዛብህ የጨዋ ልጅ ማለት ይሄ ነው አሉ። እኔም ልጄ የጨዋ ልጅ ተባለልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ያ ደስታዬ አፈር ይብላ!

ድንጋይ የተሸከመ ሰው ጥፋቱን አምኗል ማለት ነው። ካመነ በኋላ ማን መልሶ ይጠይቃል?

ከዚያ ወዲህ ኤቢ ኤቢ አይደለም። ኳሱን ተወ። ማዕድ ላይ አይቀርብም፤ ሳሕኑን ይዞ ክፍሉ ይገባል። ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ጎማ ቤት ተቀጠረ። ከትምህርት ቤት ወጥቶ እዚያ፣ ከዚያ ወጥቶ ሠርካዲስ ቤት፤ ኢዛናን ሲያነሳ ሲያስተኛ፣ ከዚያ ዕንቅልፍ። መኮንን ይኸው ታርቀናል እኮ፣ ልጁ ምን ሆነ ይለኛል።

መጋቢት ላይ ከአንድ ኮሌጅ ሰውዬ ደወለ። ኤቢን አሁንም እንፈልገዋለን፣ ፊልሙን ሁሉ አይተናል፣ ያንንም ጨዋታ አይተናል አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ግራ ገባኝ። ሥራቸው ይሄ የሆነ ሰዎች፣ ጓደኛውን ያስመታ ልጅ ምን ይሠራላቸዋል? ማንም ሊነካው ያልደፈረውን የዚያን ጨዋታ ዲቪዲ ከመሳቢያ አወጣሁት። ቀን ነው፣ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እማ፣ ኳሱን አትዪ ያለኝን አሰብኩና የኤቢን እግር አየሁ። እግሩ ልክ ነው። ወገቡም ዝቅ ብሏል። ወደ ውስጥ ዞሯል፣ አዎ፤ ግን አምስቱም ናቸው የዞሩት፣ አምስቱም አንድ ላይ ወደ ቀኝ። እንዲህ አብረው የሚሄዱት ታዘው ነው፤ እንዲህ ሲሆን በግራ ዳር የሚመጣውን የሚይዘው ወርዋሪው አጠገብ የሚቆመው ሯጭ ነው፣ እሱንም ኤቢ አስተምሮኛል። ሯጩን ፈለግኩት። መጀመሪያ በግራ ነው የቆመው፣ ልክ ቦታው ላይ። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ግን ኢዛና ዞር አለና የሯጩን ጎን ነካ አድርጎ በእጁ ወደ ቀኝ አሳየው። ልጁም እሺ ብሎ ሄደ። ግራው ባዶ ቀረ።

ያቺን እጅ እየመለስኩ እየመለስኩ አየኋት። ልጄን ነፃ ያወጣች እጅ ናት፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ዲቪዲውን አውጥቼ መሳቢያው ውስጥ መልሼ ደበቅኩት።

አሰልጣኙ ጋ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር አገኘሁትና ያን ቀን ለልጄ ምን ሰጠኸው አልኩት። ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ለዚያች ዙር ፕላስ ነው የሰጠሁት አለኝ። ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብዬ ጮህኩበት፣ በአማርኛም ሳልሰድበው አልቀረሁም። ልጅሽ አትናገር ብሎ ለመነኝ አለኝ።

ኤቢን ከጎማ ቤት ሳወጣው መኪናውን ዳር አስይዤ ፓርክ አደረግኩና አየሁት አልኩት። ምኑን አላለም። ወዲያው ገባው። እሱ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ፣ እኔ በኛው ልጻፍልሽ። ታውቅ ነበር? አዎ። ድንጋዩን ስትሸከም ታውቅ ነበር? አዎ። ታዲያ አፍ የለህም ወይ፣ አባትህን እንቢ አትለውም ወይ ብዬ ደረቱን መታሁት። እጄን ይዞ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እማ፣ ኢዛና የቀረው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፣ እሱ ውስጥ ይሄን ልትከቺበት ነው አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ እሱን እንድጠብቅ ነው የተባልኩት፣ ሥራዬ ነው አለኝ። እኔን ይድፋኝ፣ መኪናውን አስነስቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

ለመኮንን አልነገርኩትም። ቢሰማ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቆሞ ይናገረዋል። ሰዉስ ምን ሊል ነው? ድንጋይ ተሸክመው ካመኑ በኋላ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፣ መንቀሳቀስ ያቃተው ልጅ ላይ ላከኩ ሊለን ነው። ሠርካዲስስ? ልጅሽ ራሱን ነው የሰበረው ተብሎ ለእናት ይነገራል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ቤት ሲጠራ ያመጣው ጨለማ ነው።

እንዲህ ስባዝን ግንቦት ላይ ኤቢ አርሚ ፈርሜያለሁ ብሎ መጣ። ኮሌጁን ትቶ። ዕድሜው ስለደረሰ የኛን ፈቃድ አይጠይቁም። ኢራቅ እሳት እየነደደ እኮ ነው እታለሜ፤ ከዚህ ሠፈር የሄዱ ልጆች በሣጥን ሲመለሱ አይቻለሁ። ለምን ብዬ ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያየኝን አስተያየት አልቻልኩትም አለኝ። ጎማ ቤት ድረስ የሚመጡት የኛ ሰዎች ሳይቀሩ ያንሾካሹካሉ አለኝ።

ያኔ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ኤቢን ሊያስቀረው የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ኢዛና። ኢዛና እውነቱን አውቆ፣ አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ፣ አትሂድ ካለው ይቀራል። ለሌላ ለማንም ሳልነግር ለሱ ብቻ ልነግረው ወሰንኩ። ክፉ ብትዪኝም እናት ነኝ። ልጄን ለሰው ስም ብዬ ለጥይት ልስጥ?

ባለፈው ማክሰኞ ተራዬ ነበር። ሠርካዲስ ሥራ ስትሄድ እየተቀያየርን እንጠብቀዋለን፣ እኔ ደግሞ ማገላበጥ ሙያዬ ነው። ደረጃውን ስወርድ የምለውን ቃል በቃል እያጠናሁ ነው የወረድኩት። ድንጋዩ በሩ ሥር አለ፤ ሠርካዲስ ዊልቸሩ ሲገባ ሲወጣ በሩ እንዳይዘጋ በሱ ታስይዘዋለች። ተሻግሬው ገባሁ። ኢዛናን በጎኑ አዞርኩት፣ ጀርባውን አየሁ፣ ንጹሕ ነው፣ እሰይ አልኩ። መልሼ አስተካከልኩትና እጁን ቅባት መቀባት ጀመርኩ። ኤቢ ሰኞ ሊሄድ ነው አልኩት። አውቃለሁ፣ ነግሮኛል አለኝ። ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ። አንቲ (አክስቴ ማለቱ ነው)፣ ኤቢ የአምስቱን መስመር ማየት አስተምሬያታለሁ ይለኝ ነበር፤ ያን ጨዋታ አይተሽዋል ወይ አለኝ። አይቼዋለሁ አልኩት። ማን ነበር የተሳሳተው አለኝ።

እታለሜ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። እኔ ሳልጀምረው ራሱ ጠየቀኝ። እጁ እጄ ውስጥ ናት፤ ያቺው እጅ። ሞቃት ናት፣ ቅባቱ ገና አልገባም። ዓይኑን አየሁት። ጣሪያውን ነበር የሚያየው፣ ከንፈሩን ነክሶ።

የኔው ነው፣ የኔ ጌታ፤ የኤቢ እግር ነው የተሳሳተው አልኩት።

እርግጠኛ ነሽ አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጎን ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገባ፣ መጥረግ አይችልም፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩለት። ከዚያ በቀስታ ቴንክ ዩ፣ አንቲ አለኝ።

ይኸው እስካሁን ይከነክነኛል። ምኑን ነው ያመሰገነኝ? ልጄ ሰበረህ ላልኩት? ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን አያስታውስም ብለዋል ሐኪሞቹ፣ እኔም እንደዚያው ብዬ ልተወው።

ኤቢ ትናንት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ኢዛና ጋ ገብቶ ቆይቶ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። እሁድ ማታ ማዕድ ላይ ቀረበ፣ ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። መኮንን ደስ ብሎት አየሽ፣ የእርቁ በረከት ነው አለኝ። ሽሮውን ላውጣ ብዬ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ።

በይ እንግዲህ፣ ይሄ ነው ያለሁበት። ለእማማ ኤቢ ሩቅ ትምህርት ቤት ገባ በያት፤ ስልክ የሌለበት ነው በያት፣ ታምንሻለች። የቀረውን ዝለይው። ለኔ የሚሆን ምክር እንዳትፈልጊልኝ፣ የሚመከር ነገር አልተረፈም። አንቺን ጤና ይስጥልኝ፤ ልጆችሽን ከእጅሽ አይንጠቅብሽ፤ የእማማን ዕድሜ ያርዝምልን፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ገብርኤል ስትሳለሚ ቄሱን ለጸሎት የልጄን ስም ስጪልኝ። የክርስትና ስሙ ተክለሚካኤል ነው። ጮክ ብለው ይጥሩት። እዚህ ስሙን በደግ የሚጠራለት የለም።

ታናሽ እህትሽ